ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ቤከሬል

ዶክተር ደጀኔ የሞተው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከረባቱ እንደታሰረ ነበር፤ ነጭ ጋዋኑን ገና አልለበሰም፤ በቀኝ እጁ አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ ፔርሙዝ ቆሟል። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የእንቅርት ክሊኒኩ ያን ጠዋት በሽተኞቹን ከደረጃ መለሰ። ኢንስፔክተር ላጲሶም ሲደርስ እንደ በሽተኛ ሊመለስ ምንም አልቀረውም። አንድ ሽበታም ሰው እንደ ጥብስ የሚንጣጣ መለኪያ በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ አገደው።

«አይግቡ» አለው። «ሻዩ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ቤከሬል አዮዲን አለ። ራሴ ነኝ የለካሁት።»

ሳጅን እንድሪስ፣ ጩቤ የያዘ ሰው ፊት የማይበገረው ጎረምሳ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሚሊዮን ሲባል የማይደነግጥ ደመወዝተኛ የለም።

ሽበታሙ ሰው ሽፈራው ይባላል። የክሊኒኩ የጨረራ ባለሙያ ነው፤ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሯል። አስተማሪነቱ ገና አልለቀቀውም ነበርና ነገሩን ለፖሊሶቹ ቀስ አድርጎ አስረዳ። ክሊኒኩ የእንቅርት በሽተኞችን የሚያክመው ጨረራ ያለው አዮዲን እያጠጣ ነው፤ ቤከሬል የሚባለው የዚህ ጨረራ መለኪያ ነው፤ አንድ ሰው አዮዲኑን የዶክተሩ ሻይ ውስጥ ጨምሯል። አስከሬኑን መክፈት ሐኪሞቹንም ስለሚመርዝ ለምርመራ ሳይላክ፣ ታሽጎ ቶሎ ቢቀበር ይሻላል አለ።

«ማን ይመስልዎታል የጨመረው?» አለ ላጲሶ።

ሽፈራው አንገቱን ደፋ። «ሻዩን በየጠዋቱ የምታመጣላቸው ሶሬቲ ናት። አዮዲን የምትቀዳውም እሷው ናት። እኔ ግን በሰው ልጅ ላይ አልፈርድም።»

የሟቹ ባለቤት የሺአረግ ግን ፈርዳ ጨርሳለች። የክሊኒኩን እንግዳ መቀበያ የምትመራው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እንባዋ ደርቋል። ላጲሶ ሊያጽናናት ሲጎነበስ የጃኬቱን እጅጌ ያዘችው።

«ያቺን ልጅ በካቴና ታስራ ሳላያት ባሌን አልቀብርም» አለችው። «ሰምተውኛል? እድሜ ልኳን እስር ቤት ስትማቅቅ ነው ማየት የምፈልገው።»

ላጲሶ የሆሳዕና ልጅ ነው። የማያውቀውን ሲጠይቅ አያፍርም፤ ሲነግሩት ደግሞ ሁሉን ያመነ ይመስላል። ብዙ ሰው የታሰረው ይህን ፊት አይቶ ተዝናንቶ ነው። አሁንም ለሽፈራው ከልቡ አመስግኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ «ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ወደ ሟቹ ክፍል ገባ።

ወለሉ ደረቅ ነው። ወረቀቱ፣ እስክሪብቶው፣ መነጽሩ በየቦታቸው ናቸው። የጠረጴዛው መስታወት ላይ፣ ከፔርሙዙ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የስኒ ቂጥ የሚያክል እርጥብ ክብ ይታያል። ስኒ ግን የለም። በመሳቢያ ፈለገ፣ በቆሻሻ መጣያው ፈለገ፣ የለም። ከረባት ያሰረ ሐኪም በፔርሙዝ አፍ ይጋታል ብሎ ለማመን ከበደው።

ሲወጣ የሚቀጥለውን ክፍል አየ። አዮዲኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጥግ ላይ በእርሳስ የተለበጠ፣ የተቆለፈ ሳጥን አለ። ምን እንደሆነ ሽፈራውን ጠየቀው።

«የጨረራ ቆሻሻ ነው። ጠዋት የጠረግኩበትን ሶፍትም እዚያ ነው የከተትኩት።»

«ቢከፈትስ?»

«አይከፈትም። አዮዲን በስምንት ቀን ግማሹ፣ በሌላ ስምንት ቀን የቀረው ግማሽ እያለ ራሱ ነው የሚሞተው። ሦስት ወር ሳይሞላው ማንም አይነካውም። አሠራራችን ይሄ ነው።»

ላጲሶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ደረቅ ወለል ላይ ምን እንደተጠረገ ግን አልጠየቀም፤ ጥያቄውን ለኋላ አስቀመጠው።

ቀዶ ሐኪሙን ኢዮስያስን ቢሮው ውስጥ አገኘው። ኢዮስያስ ከሟቹ ጋር ከትናንት በስቲያ ከበሩ ውጪ እስኪሰማ ተጨቃጭቋል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ራሱ ተናገረ። የክሊኒኩ ሸሪክ አደርግሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለት ካደው። አልወደውም ነበር፣ ግን ሰው አልገድልም አለ። ስለ አዮዲኑ ሲጠየቅ እጁን አወናጨፈ፤ እሱ የቢላ ሰው ነው፣ እንቅርት ቆርጦ ያወጣል፣ የጨረራው ነገር የሁለቱ ነው።

«የሁለቱ ማለት?»

«የአቶ ሽፈራውና የሶሬቲ። መለኪያ ማሽኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ቁጥሩን ከቤከሬል ወደ ኪዩሪ ትቀይራለች። ባልና ሚስት በቴሌቪዥን ሪሞት እንደሚጣሉት በየቀኑ ይጣሉባታል።» ኢዮስያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሶሬቲ በሜጋ ቤከሬል ነው የተማረችው። ሽማግሌው በድሮው በሚሊኪዩሪ ነው። ቤከሬል ስትል ከሰማት ‹በሰው ቋንቋ ንገሪኝ› ይላታል። ባለፈው ዓመት እዚህ ከተቀጠረ ጀምሮ ቤከሬል የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አላውቅም።»

ላጲሶ ዛሬ ጠዋት መውጣቱን አልነገረውም።

ሶሬቲ ደረጃው ላይ፣ እንድሪስ አጠገብ ተቀምጣለች። የነቀምት ልጅ ናት፤ ገርጂ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዘምራለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ላጲሶ ሱሪው አቧራ ይነካል ሳይል ከሥሯ ቁጭ አለ።

«ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ቤከሬል ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም» አለችው ወዲያው። «ለወይዘሮ የሺአረግ ብነግራቸው በጥፊ መቱኝ። ሚሊዮኑን አይዩት። ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ማለት ሠላሳ ሰባት ሜጋ ነው፤ በኪዩሪ ሲቀየር አንድ ሚሊኪዩሪ ብቻ ነው። እንቅርቱ የሚፈጥንበት በሽተኛ እዚህ መጥቶ የዚህን አስር እጥፍ ይጠጣና በእግሩ ይሄዳል።»

«ስለዚህ አስሩን ውጦ ሰው ቤቱ ይገባል፣ እኔ በአንዱ ምክንያት በር ላይ እታገዳለሁ።»

«አዎ። የሚገድል ያህል ቢጠጣ እንኳን በቀናት ነው እንጂ በጠዋት አይሞትም። ጋሽ ሽፈራው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ግን አልገባኝም።»

ላጲሶ ስልኩን አውጥቶ አባዛ፣ አካፈለ፤ ልጅቷ አልዋሸችም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው። ዶክተሩን የገደለው ሰው እሷንም አብሮ ሊቀብር ፈልጓል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚጠላ ማን ነው? ሶሬቲ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

የተቀጠረች ሰሞን ነው። ቤቴል የምትባል ልጅ የእንቅርት ካንሰሯ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ርዝራዡን የሚያቃጥል አዮዲን ታዘዘላት። አሮጌው ማሽን ተቀይሮ አዲሱ ገና መምጣቱ ነበር። ዶክተር ደጀኔ መለኪያውን ሳይጠራ ቁጥሩን ብቻ የመናገር ልማድ አለው፤ በበሩ ብቅ ብሎ «ለቤቴል መቶ ሃምሳ» ብሏት ሄደ። እሱ ሚሊኪዩሪ ማለቱ ነው። እሷ መቶ ሃምሳ ሜጋ ቤከሬል ቀዳች። ቀኑ ሲያልቅ ጠርሙሱ ያልተነካ ያህል ሙሉ ሆኖ ስታየው ስህተቷን አወቀች።

«ልጅቷ ስንት ደረሳት?» አለ ላጲሶ።

«አራት። መቶ ሃምሳ ሚሊኪዩሪ የታዘዘላት ልጅ አራት ጠጣች። ሮጬ ለዶክተር ነገርኳቸው፣ እንጥራትና የቀረውን እንስጣት ብዬ ለመንኳቸው። ፈቃዳችን ሊታደስ ነው፣ አፍሽን ዝጊ አሉኝ።» እጇን በእጇ ጨመቀች። «ካንሰሩ ወደ ሳንባዋ ገባ። ሞተች።»

ይህን ለማን እንደነገረች ጠየቃት። ለአንድ ሰው ብቻ፣ በዚህ ክረምት፣ ለሽፈራው። ሸክሙ ሲከብዳት ስሌት እንደምትጠይቅ አስመስላ ጀመረችና የልጅቷን ስም፣ ዶክተሩም ማወቁን ነገረችው። ሽፈራው «አራት ሚሊኪዩሪ» አለና ምሳውን ትቶ ወጣ። ገና የምትነግረው ነበራት፣ ግን አልቆመላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ላጲሶ እንድሪስን ወደ ቤቴል እናት ቤት ላከው፤ ሰፈሩን ሶሬቲ ታውቀዋለች። ራሱ ደግሞ የክሊኒኩን ሁለተኛ የእጅ መለኪያ አስይዞ ሶሬቲን ወደ አስከሬኑ ወሰዳት። ፔርሙዙን ወደ አዮዲን ክፍሉ አስወጣና መለኪያውን ወደ ሟቹ አንገት፣ ቀጥሎ ወደ ሆዱ እንድታስጠጋው ነገራት። አስጠጋችው። መለኪያው ዝም አለ።

«አዮዲን የጠጣ ሰው ሆዱም አንገቱም ይጮኻል» አለች ግራ ተጋብታ።

«ስለዚህ አልጠጣም» አለ ላጲሶ፤ አስከሬኑንም ምንም የሚያስፈራ ነገር እንደሌለበት አስረድቶ ለምርመራ ላከው።

ከሰዓት በኋላ፣ እንድሪስ ደውሎ ያየውን ከነገረው በኋላ፣ ሁሉንም አዮዲን ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። የሺአረግ ወንበር ቀረበላት። ኢዮስያስ ግድግዳ ተደገፈ። ሽፈራው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር መምህር በሩ አጠገብ ቆመ። ሶሬቲ የሺአረግን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች።

«ለምንድነው ያልታሰረችው?» አለች የሺአረግ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ ወይዘሮ። ሶሬቲ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ያለውን ሻይ ለኪልኝ።»

ሶሬቲ ሻዩን ወደ መለኪያው ዕቃ ገልብጣ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። «ሠላሳ ስድስት ሚሊዮን ቤከሬል» ብላ አነበበች።

«አሁን ያቺን የምትጣሉባትን ቁልፍ ተጫኚ።»

«ዜሮ ነጥብ ዘጠና ሰባት ሚሊኪዩሪ።»

«ከጠዋት ወዲህ የሞተውን ብትመልሺበት?»

«አንድ» አለች። «ልክ አንድ ሚሊኪዩሪ።»

ላጲሶ ወደ የሺአረግ ዞረ። የሚያስረዳው ለእሷ ነበር፤ ሌሎቹ ሰሙ። ባለቤቷ በአዮዲን አልሞተም፤ ሆዱም አንገቱም ላይ ጨረራ የለም። አዮዲኑ ፔርሙዙ ውስጥ የገባው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። መጠኑም በሽተኛ ከሚጠጣው አስረኛው ነው፣ ለማስፈራራት እንጂ ለመግደል አልተቀዳም። ማስፈራራቱ ያስፈለገው ፖሊስ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ፣ ሐኪም አስከሬኑን እንዳይከፍት ነው።

«እና ማን ቀዳው?» አለ ኢዮስያስ።

«ቁጥሩ ይናገራል። በቁና የተሰፈረ እህል ኪሎ ላይ ሲወጣ ሙሉ ቁጥር አይመጣም። ሶሬቲ የምታስበው በሜጋ ነው። ሰው ላስፈራራ ብትል ሃምሳ ትቀዳለች፣ መቶ ትቀዳለች፤ እጇ ሠላሳ ሰባት ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ሠላሳ ሰባት ላይ የሚያቆመው አንድ ሚሊኪዩሪ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው።» ላጲሶ አሁን ወደ በሩ ዞረ። «ጋሽ ሽፈራው፣ እርስዎ በሚሊኪዩሪ ቀዱት። ለእኛ ግን ‹አንድ› ቢሉን ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ በሕይወትዎ የማይጠሩትን ቤከሬልን ጠሩ፤ አንዱ ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ሆነልዎት።»

«ስሌት ማስረጃ አይሆንም» አለ ሽፈራው።

«ልክ ነዎት። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ሦስት ወር አልሞላውም።»

«የጠረጉት ነገር እንዳለ ላይ ብዬ ነው። ወለሉ ደረቅ ነበር።»

ሽፈራው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሶሬቲ መለኪያውን ከሳጥኑ አፍ ላይ ያዘች፤ ላጲሶ ጓንቱን አጥልቆ እጁን ሰደደ። በሶፍት የተጠቀለለ ሰማያዊ ስኒ አወጣ። ቀጥሎ የአትክልት ተባይ መድኃኒት የነበረበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። የጠርሙሱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የሺአረግ ስኒውን አወቀችው፤ የገዛችለት እሷ ነበረች። ማንም የማይከፍተው ቦታ ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም መክፈት የሚችለው የቁልፉ ባለቤት ነው።

«ለምን?» አለች የሺአረግ ወደ ሽፈራው ዞራ። «ባሌ ምን በደለህ?»

ላጲሶ መለሰላት። የቤቴል እናት ቤት፣ ግድግዳው ላይ፣ ልጅቷ በምረቃ ልብስ አበባ ታቅፋ የተነሳችው ፎቶ አለ። ትከሻዋን አቅፎ የቆመው አጎቷ፣ ሽፈራው ነው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት፣ ያስተማራት እሱ ነው። ታክማ የወጣችው በእናቷ ታጅባ ስለነበር እዚህ ማንም መልኩን አላየውም። ከሞተች በኋላ የመጨረሻ ተስፋዋን ያደረገችበትን ቤት ለማየት ብሎ ሥራ ጠይቆ ገባ፤ በዚህ ክረምት ደግሞ እውነቱን ሰማ። ላጲሶ መድኃኒቷ በስህተት ማነሱን፣ ዶክተሩም ሶሬቲን አፍሽን ዝጊ ማለቱን ሳይደብቅ ነገራት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽፈራው ክንዶቹን ፈታ።

«በቁጥር ነው የገደሏት። አንዱ መለኪያውን መጥራት ሰነፈ፣ አንዷ መጠየቅ ሰነፈች። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እሷ ደም እያሳለች ‹አጎቴ፣ ድኛለሁ ብለውኝ ነበር እኮ› ስትለኝ እነሱ እዚህ ሻይ ይጠጡ ነበር። ስለዚህ እሱ ከሻዩ ጋር ይሙት፣ እሷም በቁጥር ትታሰር አልኩ። አይቆጨኝም። ይቺን ልጅ ብታስሯት ኖሮ ምነኛ ደስ ባለኝ።»

ሶሬቲ ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ዝም አላልኩም» አለች። «የዚያን ቀን ልነግርዎት ስል ጥለውኝ ወጡ። ዶክተር እምቢ ሲሉኝ ደብቄ፣ ስሜን ሳልናገር ቤቷ ደወልኩ። ስልኩን ወንድ አነሳው። ቤቴል ያገኘችው መድኃኒት አንሷል፣ መልሰው ያምጧት አልኩት።»

ሽፈራው አያት።

«‹መቶ ሃምሳ ነው የታዘዘላት፣ መቶ ሃምሳ ወስዳለች› አለኝ። የጠጣችው እኮ በሜጋ ነው፣ መለኪያው ሌላ ነው ልለው ስጀምር ተቆጣ። ‹ስለ ጨረራ መለኪያ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ይህን ሳስተምር አንቺ አልተወለድሽም። ገንዘብ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ሞኝ ፈልጉ› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።» እንባዋ አሁን መጣ። «በማግሥቱም ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ዘጋው።»

ኢዮስያስ ሽፈራውን ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። የሺአረግ፣ ጠዋት ደም ስትጠማ የዋለችው ሴት፣ ተነስታ አንድ ጊዜ ሶሬቲን፣ አንድ ጊዜ ሰማያዊውን ስኒ አየች። ባሏ አፍሽን ዝጊ ያለውን ሁሉ ሰምታለች። በሩን ከፍታ ወጣች።

መኪናው መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋጋና ቆመ። ሽፈራው ከኋላ በካቴና ተቀምጧል። ስለ መርዙ፣ ስለ ስኒው፣ ስለ አዮዲኑ ሲጠየቅ አይመልስም። ብዙ ቆይቶ፣ ውጪ የታክሲ ረዳቶች ሲጮኹ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ላጲሶ ወደ እንድሪስ ዞሮ ቃሉን እንዲመዘግብ ነገረው። እንድሪስ እስክሪብቶውን ይዞ አመነታ።

«ይሄ እኮ ወንጀል አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

«አውቃለሁ» አለ ላጲሶ። «ጻፈው።»